ቀለበታማ ፔፕታይዶች ከእፅዋት፦ ስለ መድኃኒትነታቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ እነዚህ የእፅዋት ውህዶች ከተማሪዎች፣ ከጤና ባለሙያዎችና ከባህል ሕክምና አዋቂዎች በብዛት የሚነሡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው የሚከተሉት ናቸው፤ የአውሮፓ አቆጣጠር ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ተብለው ተለይተዋል።

ቀለበታማ ፔፕታይድ ምንድን ነው?

አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በተርታ ተያይዘው የሚሠሩት አጭር ሰንሰለት ፔፕታይድ ይባላል፤ ሰንሰለቱ ሲረዝምና ተጣጥፎ ቅርጽ ሲይዝ ደግሞ ፕሮቲን እንለዋለን። ተራው ፔፕታይድ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ቀለበታማው ግን አሚኖ አሲዶቹን እርስ በርስ በሚያስተሳስረው በዚያው ማሰሪያ ሁለቱ ጫፎቹ ስለ ተገናኙ፣ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ማመልከት አይቻልም።

በእፅዋት ውስጥ ከሚገኙት መካከል በሰፊው የተጠኑት ሳይክሎታይዶች ናቸው። እነዚህ ከ28 እስከ 37 አሚኖ አሲዶች ሲኖሯቸው፣ ከእነዚያ ውስጥ ስድስቱ ድኝ የተሸከሙ ሲስቴይን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች ናቸው። ስድስቱ ሲስቴይኖች ሁለት ሁለት ሆነው ሲጣመሩ ሦስት የድኝ ድልድዮች ይፈጠራሉ፤ ከሦስቱ አንደኛው ድልድይ ሁለቱ በሠሩት ቀዳዳ መካከል አልፎ ስለሚሄድ መላው አካል የተቋጠረ ቀለበት ይሆናል። ከእነርሱ ያነሱ፣ የድኝ ድልድይ የሌላቸውና ኦርቢታይድ የሚባሉ ሌሎች ቀለበቶችም አሉ፤ ተልባ ውስጥ ያሉት ከእነዚህ ወገን ናቸው። በሱፍ አበባ ፍሬ ውስጥ ደግሞ 14 አሚኖ አሲዶችና አንድ ብቻ የድኝ ድልድይ ያለው፣ ትሪፕሲን የተባለውን የፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይም የሚያግድ ቀለበት እ.ኤ.አ. በ1999 ተገኝቷል።

ቀለበት መሆኑ ለመድኃኒትነት ምን ይጠቅማል?

ፔፕታይድ የሆነ መድኃኒት ትልቁ ችግሩ መፈጨቱ ነው። ኢንሱሊን በመርፌ እንጂ በአፍ የማይሰጠው ሆዳችን እንደ ሥጋና እንደ ባቄላ ስለሚፈጨው ነው። አንዳንድ ፈጪ ኢንዛይሞች ሥራቸውን ከሰንሰለቱ ጫፍ ስለሚጀምሩ ጫፍ የሌለው ቀለበት መያዣ አይሰጣቸውም። ከመሃል የሚቆርጡትንም ቢሆን የሳይክሎታይድ ቋጠሮ እጅግ የተጠቀጠቀ በመሆኑ በቀላሉ አያስገባቸውም። ከዚህ የተነሣ ሳይክሎታይድ በፈላ ውሃም፣ በአሲድም፣ በኢንዛይምም ሳይፈርስ ይቆያል።

ሁለተኛው ጥቅም መጠኑ ነው። ካላታ ቢ1 የተባለው የታወቀ ሳይክሎታይድ ክብደቱ ወደ 2,900 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ይደርሳል። በአፍ የሚወሰዱት የተለመዱ ኪኒኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ዳልተን በታች ሲሆኑ፣ በመርፌ የሚሰጡት ፀረ እንግዳ አካላት ደግሞ 150,000 ገደማ ናቸው። ትንሹ ሞለኪውል በቀላሉ ይዋጣል፤ ነገር ግን ሰፊ ገጽ ያላቸውን ፕሮቲኖች አጥብቆ ለመያዝ ብዙ ጊዜ አቅም ያንሰዋል። ትልቁ አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን አይዋጥም፣ ዋጋውም ውድ ነው። ቀለበታማ ፔፕታይዶች የሚገኙት በሁለቱ መካከል ነው፤ የመድኃኒት ተመራማሪዎችን ትኩረት የሳቡትም በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ የተገኙት እንዴት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኮንጎ ያገለግሉ የነበሩ ሎሬንትስ ግራን የተባሉ ኖርዌያዊ ሐኪም፣ ምጥ የያዛቸው ሴቶች ካላታ ካላታ የሚባል ተክል አፍልተው እንደሚጠጡና ምጡም እንደሚፋጠን አስተዋሉ። ተክሉ በሳይንሳዊ ስሙ ኦልደንላንዲያ አፊኒስ የሚባል፣ ከቡና ቤተሰብ የሆነ ትንሽ ሐረግ መሰል ዕፅ ነው። ሐኪሙ ናሙናውን ወደ ሀገራቸው ወስደው ማሕፀንን የሚያኮማትረው ፔፕታይድ መሆኑን አረጋገጡ፤ ግኝታቸውንም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሳተሙ። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ፤ ፔፕታይድ ሲፈላ ይበላሻል፣ ሲዋጥ ይፈጫል ተብሎ በሚታመንበት ዘመን፣ ይህኛው ተፈልቶም ተጠጥቶም ይሠራ ነበር። ሴቶቹ በልምድ ያወቁትን ነገር የዘመኑ ኬሚስትሪ ሊያስረዳው አልቻለም።

ማብራሪያው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ክሬክ ከኖርዌይ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የካላታ ቢ1ን ቅርጽ ሲፈቱ፣ 29ኙ አሚኖ አሲዶች ጫፍ የሌለው የተቋጠረ ቀለበት ሆነው ተገኙ። በእነዚያው ዓመታት ሌሎች ቡድኖች በሌላ መንገድ ተጉዘው ተመሳሳይ ነገር ላይ ደርሰው ነበር፤ አንደኛው ቀይ የደም ሴልን የሚያፈርስ ነገር ሲመረምር ከቫዮሌት ዝርያ፣ ሌላው ኤች አይ ቪን የሚገታ ውህድ ሲፈልግ ቻሳልያ ፓርቪፎሊያ ከተባለ አፍሪካዊ ተክል። ሁሉም አንድ ቤተሰብ መሆናቸው ሲታወቅ እ.ኤ.አ. በ1999 ሳይክሎታይድ የሚለው የጋራ ስም ወጣላቸው።

በየትኞቹ እፅዋት ውስጥ ይገኛሉ? በኢትዮጵያስ?

ሳይክሎታይዶች በአምስት የእፅዋት ቤተሰቦች ውስጥ በደንብ ተመዝግበዋል፤ እነርሱም የቫዮሌት፣ የቡና፣ የዱባ፣ የአተርና ባቄላ እንዲሁም የድንችና ቲማቲም ቤተሰቦች ናቸው። ይህ ማለት ግን ቡናችን ወይም ዱባችን ሳይክሎታይድ አለው ማለት አይደለም፤ ከአንድ ቤተሰብ ውስጥ ጥቂት ዝርያዎች ብቻ ሊይዙት ይችላሉ። በተቃራኒው የቫዮሌት ዝርያዎች በሚገባ በተመረመሩ ቁጥር ሳይክሎታይድ ሲገኝባቸው ቆይቷል፤ አንዱ ዝርያ ብቻውን ከመቶ የሚበልጡ የተለያዩ ዓይነቶችን ሊሸከም ይችላል።

የኢትዮጵያ ድርሻ ትንሽ የሚባል አይደለም። በደጋው አገራችን እስከ 3,400 ሜትር ከፍታ ድረስ የሚበቅል ቫዮላ አቢሲኒካ የሚባል ትንሽ የቫዮሌት ዝርያ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር መርምረውት፣ ቀደም ሲል ያልታወቁ አምስት ሳይክሎታይዶችን እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ አድርገዋል። ስማቸውም ከተክሉ ስም ተወስዶ ከቫቢ ኤ እስከ ቫቢ ኢ ተባለ። ከእነርሱም መካከል ከሰውነት ውጭ፣ በላቦራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ የሚያድጉ የካንሰር ሴሎችን የገደሉ አሉ። በደጋ ጫካ ዳር መሬት ላይ ተስቦ የሚያድግን፣ ብዙ ሰው ሳያየው ረግጦት የሚያልፈውን ይህን ተክል በሀገር ልጆች እጅ ተመርምሮ ማየት የሚያኮራ ነው፤ ከዚህ በላይ ብዙ ያልተነካ ሥራ እንዳለም ያመለክታል።

ተልባ ውስጥ አለ የሚባለውስ እውነት ነው?

እውነት ነው። ሳይክሎሊኖፔፕታይድ ኤ የተባለው ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች ያሉት ቀለበት ከተልባ ዘይት ዝቃጭ ውስጥ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ከካላታ ቢ1 ቅርጽ መፈታት በ36 ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በርካታ ወንድሞቹ ተለይተዋል። ቅባት ወዳድ ስለሆኑ ፍሬው ሲጨመቅ አብረው ወደ ዘይቱ ይገባሉ።

ተልባን በቤታችን የምናውቅ ሰዎች ይህን ነገር በምላሳችን ቀምሰነዋል። አዲስ የተቆላና የተወቀጠ ተልባ ጣዕሙ ለስላሳ ነው፤ የተወቀጠው ከርሞ ወይም ዘይቱ በተከፈተ ጠርሙስ ቆይቶ ሲቀመስ ግን ምላስ ሥር የሚቀር ምሬት አለው። አንዱ ምክንያት ይኸው ቀለበት ነው። ከሳይክሎሊኖፔፕታይዶቹ አንዳንዶቹ ሜቲዮኒን የተባለ አሚኖ አሲድ አላቸው፤ ሜቲዮኒኑ አየር ሲያገኘው ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዳልና ሞለኪውሉ መራራ ይሆናል። እናቶቻችን ተልባን ለዕለቱ የሚበቃውን ያህል ብቻ የሚወቅጡት በዚህ ረገድ ልክ ነበሩ።

ከመድኃኒት አንጻር ሳይክሎሊኖፔፕታይድ ኤ በላቦራቶሪ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚገታ ሆኖ ተገኝቷል፤ አሠራሩም የተቀየረ ኩላሊት ላላቸው ሰዎች ከሚሰጠው ሳይክሎስፖሪን ከተባለው መድኃኒት ጋር ይቀራረባል፤ ኃይሉ ግን ከእርሱ ያነሰ ነው። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ተልባ መጠጣት መከላከያዬን ያዳክመዋል?» ብሎ ሊሰጋ ይችላል። እንዲህ ብሎ ለመናገር የሚያበቃ ማስረጃ የለም። በብርጭቆ ውስጥ ሴል ላይ በቀጥታ የሚጨመረው መጠንና በአንድ ብርጭቆ ተልባ ውስጥ አልፎ ደም ዘንድ የሚደርሰው መጠን አይወዳደሩም። በዚያው ልክ «ተልባ የሪህ ወይም የመገጣጠሚያ ቁጣ መድኃኒት ነው፣ ምክንያቱም ይህ ፔፕታይድ አለበት» የሚለው ማስታወቂያም መሠረት የለውም። ተልባ ጥሩ ምግብ ነው፤ ጥሩ ምግብ መሆኑ ይበቃዋል።

ተክሉ ራሱ ለምን ይሠራቸዋል?

ራሱን ለመከላከል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ የሽምብራችንን ፍሬ እየበሳ የሚያጠፋው ትል የቅርብ ዘመድ የሆነ ትል ካላታ ቢ1 የተቀላቀለበት ምግብ ሲሰጠው እድገቱ ክፉኛ እንደ ተገታ አሳይቷል። ኋላ እንደ ታወቀው ፔፕታይዱ የትሉን የአንጀት ሴሎች ሽፋን ስለሚበሳ ሴሎቹ አብጠው ይፈነዳሉ።

ተስፋ የተጣለባቸው ለየትኞቹ በሽታዎች ነው?

ከሁሉም ርቆ የሄደው የነርቭ ሽፋንን ለሚያጠቃው መልቲፕል ስክለሮሲስ የታሰበው ነው። የቪየና ሕክምና ዩኒቨርሲቲው ክርስቲያን ግሩበርና ባልደረቦቻቸው የካላታ ቢ1ን አንድ አሚኖ አሲድ በሌላ ለውጠው ቲ20ኬ የተባለውን ሠሩ። ይህ ውህድ ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ከልክ በላይ እንዳይባዙ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ተመሳሳይ በሽታ የያዛቸው አይጦች በአፋቸው ሲወስዱት ሕመሙ ቀለል ብሏል። ከዚያም በስዊድን ኩባንያ አማካይነት በሰው ላይ ወደሚደረገው የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ተሸጋግሯል። የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ግን ደኅንነቱን የሚጠይቅ እንጂ ፈዋሽነቱን የሚመሰክር አይደለም።

በኤች አይ ቪና በካንሰር ላይ የተገኙት ውጤቶች ብዙ ጊዜ ተጋንነው ይቀርባሉ። አዎን፣ ሰርኩሊን የተባሉት ሳይክሎታይዶች ቫይረሱን በብርጭቆ ውስጥ ይገታሉ፤ ሳይክሎቪዮላሲን ኦ2 የተባለውም የካንሰር ሴሎችን ይገድላል። ነገር ግን የሚሠሩት የሴል ሽፋንን በመብሳት ስለሆነ፣ ቫይረሱን ወይም ካንሰሩን የሚጎዳው መጠን ጤነኛውን ሴል ከሚጎዳው መጠን የሚርቀው በጥቂቱ ነው። መድኃኒት ለመሆን ይህ ርቀት ሰፊ መሆን አለበት። በግሌ በዚህ መንገድ በቀጥታ መድኃኒት ይገኛል ብዬ አልጠብቅም።

ይበልጥ የምተማመንበት ሌላው መንገድ ነው። አትክልተኛ ጥሩ ፍሬ የምትሰጥ ቅርንጫፍን በጠንካራ ግንድ ላይ እንደሚያዳቅል ሁሉ፣ ተመራማሪዎችም መድኃኒትነት ያለውን ግን ቶሎ የሚፈርሰውን አጭር ፔፕታይድ በሳይክሎታይዱ አካል ላይ ይተክሉታል። ከድኝ ድልድዮቹ መካከል ወጣ ወጣ ያሉት ክፍሎች ሲለወጡም ቋጠሮው ብዙ ጊዜ ሳይናጋ ይቆያል። በዚህ ዘዴ ከሲንጋፖር የተነሣ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 ሕመምን የሚያስታግስ ቁራጭ በካላታ ቢ1 ላይ ተክሎ፣ አይጦች በአፋቸው ወስደውት ሕመማቸው እንደ ቀነሰ አሳይቷል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚበላው ጋክ ከተባለው የዱባ ዘመድ ፍሬ የተገኘው ቀለበትም ለዚህ ሥራ ይፈለጋል፤ ምክንያቱም ሽፋን የመብሳት ጠባይ የለበትም፣ ወደ ሴል ውስጥም መግባት ይችላል።

ዛሬ ፋርማሲ ውስጥ የሚሸጥ አለ?

ከእፅዋት የተገኘ ቀለበታማ ፔፕታይድ ሆኖ ለሰው መድኃኒትነት የተፈቀደ እስካሁን የለም። በገበያ ላይ የዋለው ለእርሻ ነው፤ በአውስትራሊያ ከቢራቢሮ አተር ተክል የተጨመቀ ሴሮኤክስ የተባለ ፀረ ተባይ ለጥጥና ለማካዴሚያ ማሳዎች ተፈቅዶ ይሸጣል።

ከእፅዋት ውጭ ከሆነ ግን አለ። የተቀየረ ኩላሊት ያላቸው ሰዎች በሚገባ የሚያውቁት ሳይክሎስፖሪን 11 አሚኖ አሲዶች ያሉት ቀለበት ነው፤ በኖርዌይ ደጋ አፈር ላይ ከተገኘ ሻጋታ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ በአፍም ይወሰዳል። ቫንኮማይሲን የተባለው ፀረ ተሕዋስያንም ከአፈር ባክቴሪያ የመጣ ቀለበታማ አካል ነው። ስለዚህ «ቀለበታማ ፔፕታይድ መድኃኒት መሆን ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከተመለሰ ቆይቷል፤ ያልተመለሰው የእፅዋቱ ተራ ነው።

በሆድ ውስጥ የማይፈጭ ከሆነ በቀጥታ እንደ ኪኒን መዋጥ አይቻልም?

አለመፈጨትና ወደ ደም መግባት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ጊዜ ባለሙያም ጭምር፣ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሳይክሎታይድ ሆድን ሳይፈርስ ያልፋል፤ ነገር ግን የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ የሚገባው እጅግ ጥቂቱ ነው። የቀረው እንደ ገባ ይወጣል። የተዋጠ የሎሚ ፍሬ ሳይፈጭ እንደሚወጣ ያለ ነው። ሳይክሎስፖሪን የሚያልፈው ትንሽ ስለሆነና ቅባት ባለው ሽፋን ውስጥ ሾልኮ እንዲሄድ የሚያስችል የተለየ አሠራር ስላለው ነው፤ ካላታ ቢ1 ግን ክብደቱ ከእርሱ በእጥፍ ይበልጣል።

ታዲያ አይጦቹ በአፋቸው ወስደው እንዴት ተሻላቸው? ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ፣ እጅግ ጥቂት መጠን ብቻ የሚጠይቅ ኃይለኛ ውህድ ከሆነ ሾልኮ የገባው ጥቂቱ ይበቃል የሚል ነው። ለአንጀት በሽታ የታሰበ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ወደ ደም አለመግባቱ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ጥቅም ይቆጠራል፤ ሥራውን በቦታው ሠርቶ ያልፋል።

ተክሉን ቤት ውስጥ አፍልቶ መጠጣት ይቻላል? ለምጥስ?

አይገባም። ለምጥ ሲሆን ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። የማሕፀን መኮማተር ከልክ ካለፈ ለፅንሱ ደም ያሳጣል፤ ማሕፀንንም ሊቀድ ይችላል። በጤና ተቋም ምጥን ለማፋጠን የሚሰጠው ኦክሲቶሲን በጠብታ ተቆጥሮ፣ የፅንሱ የልብ ምት እየታየ፣ ሲበዛም ወዲያውኑ እየተቆመ ነው። የተጠጣ የዕፅ ውሃ ግን ከሆድ አይመለስም። በአንድ እፍኝ ቅጠል ውስጥ ያለው መጠን እንደ ወቅቱ፣ እንደ አፈሩና እንደ ተክሉ ዕድሜ ይለያያል። በዚያ ላይ አንዳንዶቹ ሳይክሎታይዶች ወደ ደም ከገቡ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳሉ።

ይህን ስል የእናቶችን ዕውቀት እያጣጣልኩ አይደለም፤ ግኝቱ ራሱ የእነርሱ ነው። ጥያቄያቸውም እስከ ዛሬ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ መብራት በሚቆራረጥበት ጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣው ሲሞቅ የመድኃኒቱ ኃይል እየደከመ ይሄዳል፤ ከወሊድ በኋላ ደም ለሚፈሳት እናት ደግሞ የደከመ መድኃኒት ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ያለች አዋላጅ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት የካላታ ዘመዶች ኦክሲቶሲን ሥራውን ለመሥራት ሴል ላይ የሚይዘውን ተቀባይ እንደሚነኩ አሳይቶ፣ ከእነርሱ በመነሣት አዲስ ውህድ መንደፍ እንደሚቻል አመልክቷል። በዚህ መካከል ሙቀት የሚችል ካርቤቶሲን የተባለ ሰው ሠራሽ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

አንድ ተክል ሳይክሎታይድ እንዳለው በምን ይታወቃል?

ምርመራው ከሚመስለው በላይ ቀላልና ውብ ነው። የደረቀው ቅጠል ተፈጭቶ በአልኮልና በውሃ ቅልቅል ይዘፈዘፋል፤ ጭማቂው በመለያ ዓምድ ውስጥ ሲያልፍ ሳይክሎታይዶች ቅባት ወዳድ ገጽ ስላላቸው ከሌሎች ፔፕታይዶች ዘግይተው ይወጣሉ። የወጣው በክብደት መለኪያ መሣሪያ ሲታይ በአብዛኛው ከ2,800 እስከ 3,800 ዳልተን ያለ ነገር ካሳየ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ቀጥሎ የድኝ ድልድዮቹ በኬሚካል ተፈትተው ስድስቱ ሲስቴይኖች አዮዶአሲታማይድ በተባለ ውህድ ይከደናሉ። እያንዳንዱ ሲስቴይን 58 ዳልተን ይጨምራል፤ ስድስት ጊዜ 58 ደግሞ 348 ነው። በመሣሪያው ላይ ክብደቱ በትክክል በ348 ከፍ ብሎ ሲታይ ሦስት ድልድይ እንደ ነበረ ተረጋገጠ። ቀለበት መሆኑ የሚለየው በሚቀጥለው ደረጃ ነው። በአንድ ቦታ ብቻ የሚቆርጥ ኢንዛይም ሲጨመርበት ተራ ሰንሰለት ሁለት ቁራጭ ይሆናል፤ ቀለበት ግን ተከፍቶ አንድ ሰንሰለት ይሆናል፤ ክብደቱም የአንድ የውሃ ሞለኪውል ያህል፣ ማለትም 18 ብቻ ይጨምራል። ተማሪዎች እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በራሳቸው እጅ ካዘጋጁት ናሙና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነቡ ፊታቸው ላይ የሚታየው ደስታ ይህን ሥራ የማስተማር ትልቁ ዋጋ ነው።

ለመድኃኒት የሚበቃ መጠን ከየት ይመጣል? ተክሉን አያጠፋውም?

ከዱር መልቀሙ በእርግጥ መፍትሔ አይሆንም። በኬሚስትሪ መንገድ አሚኖ አሲዶችን አንድ በአንድ እየቀጠሉ መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን ብክነቱ ይጠራቀማል። 29 አሚኖ አሲዶችን ለማያያዝ 28 ደረጃዎች ያስፈልጋሉ፤ እያንዳንዱ ደረጃ 99 በመቶ ቢሳካ እንኳ በመጨረሻ የሚቀረው 75 በመቶ ገደማ ነው፤ 95 በመቶ ቢሳካ ግን ከሩብ በታች ይሆናል። ከዚያ በኋላ ስድስቱ ሲስቴይኖች ሊጣመሩ የሚችሉባቸው 15 መንገዶች ስላሉ፣ አንዱን ትክክለኛ መንገድ ብቻ እንዲይዙ ማድረግ ሌላ ሥራ ነው።

ተክሉ ይህን ሁሉ ያለ ችግር ይሠራዋል። በጂን ትእዛዝ ረጅም ፕሮቲን ሠርቶ፣ በኢንዛይም ቆርጦ በዚያው ቅጽበት ጫፎቹን ይገጥማቸዋል። ቡተሌዝ 1 የተባለው የዚህ ዓይነት ኢንዛይም ከቢራቢሮ አተር ተለይቶ እ.ኤ.አ. በ2014 በሲንጋፖር ይፋ ሲሆን ቀለበት የመግጠም ፍጥነቱ አስደናቂ ነበር። አሁን ጂኑን ወደ ሌላ ተክል፣ ለምሳሌ ወደ ትንባሆ ዘመድ አስገብቶ ተክሉን ራሱን እንደ ፋብሪካ መጠቀም እየተሞከረ ነው። መንገዱ ከተሳካ ውድ የመድኃኒት ፋብሪካ ለሌላቸው ሀገሮች ትርጉሙ ከፍ ያለ ይሆናል።

ከሀገራችን ተክል ወይም ዕውቀት ተነሥቶ መድኃኒት ቢወጣ ጥቅሙ የማን ነው?

በኢትዮጵያ ሕግ ተክሉንና የማኅበረሰቡን ዕውቀት ለምርምር ወይም ለንግድ ለመውሰድ በቅድሚያ ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው። ይህን የሚገዛው የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርካቦት (ማለትም ሀብቱንና ዕውቀቱን የማግኘት) አዋጅ ቁጥር 482/1998 ሲሆን፣ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው። ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው፤ ማኅበረሰቡም ከሚገኘው ጥቅም ድርሻ እንዲኖረው ሕጉ ያዛል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው፣ ከጄኔቲክ ሀብት የሚገኝ ጥቅም ስለሚከፋፈልበት መንገድ የሚደነግገው የናጎያ ፕሮቶኮል አለ።

አስቸጋሪው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የፔፕታይዱ ቅደም ተከተል አንድ ጊዜ ከታተመ ማንኛውም ላቦራቶሪ ቅጠሉን ሳይነካ፣ ሀገሩንም ሳይረግጥ በኮምፒዩተር ካለው መረጃ ብቻ ሊሠራው ይችላል። ትንሽ ለውጥ አድርጎ አዲስ ውህድ ነው ብሎ ፓተንት ማውጣትም ይቻለዋል። የጤፍ ፓተንት በሆላንድ ፍርድ ቤት እስኪሻር ድረስ የወሰደውን ጊዜ የምናስታውስ ሰዎች ይህን በቀላሉ አናየውም። ስለዚህ ናሙና ከጫካ ከመነሣቱ በፊት፣ ተክሉን ያሳየው አዋቂ ስምና ቦታ ተመዝግቦ፣ ስለ ጥቅም ድርሻው በጽሑፍ ስምምነት ተደርጎ መሆን አለበት፤ የደረቀው ናሙናም አንድ ቅጂ በሀገር ውስጥ የዕፅዋት ቤተ መዘክር መቅረት ይኖርበታል።